ድሬዳዋና ሐረር ለተመደቡ አዲስ ገቢ ተማሪዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ወይም ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የተመደቡ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው በየዓመቱ ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

የተመደብኩበት ግቢ በትክክል የሚገኘው የት ነው?

ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረ ሲሆን የሚገኘውም እዚያው ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከመናኸሪያ በባጃጅ ይደረስበታል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በሐሮማያ ነው። በ1940ዎቹ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢው ሐረር ከተማ ውስጥ አይደለም፤ ከሐረር 20፣ ከድሬዳዋ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሐሮማያ ይገኛል። የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ ግን ሐረር ከተማ ውስጥ ነው።

በዚህ ምክንያት «ሐረር ነው የደረሰኝ» ብሎ ቀጥታ ሐረር የሚወርድ፣ ሻንጣውን ይዞም አመሻሽ ላይ ወደ ሐሮማያ የሚመለስ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። የጥሪ ማስታወቂያው ላይ የግቢው ስም ተለይቶ ስለሚጻፍ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እሱን በጥንቃቄ አንብቡ።

ምን ይዤ ልሂድ?

ከሰነድ እንጀምር። የ12ኛ ክፍል የፈተና ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ጉርድ ፎቶግራፎችና የፋይዳ መታወቂያ ያስፈልጋችኋል። ዋናውንም ኮፒውንም ያዙ፤ ኮፒው ከሦስት ባያንስ ይመረጣል፤ በስልካችሁም ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። በምዝገባ ቀን ግቢው አካባቢ ያሉት የኮፒ ቤቶች ሰልፍ ከሬጅስትራሩ (ከምዝገባ ክፍሉ) ሰልፍ አይተናነስም። ዋናውን ሰነድ ሬጅስትራሩ ካልጠየቀ በቀር ለማንም አትስጡ።

አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የትራስ ልብስ ተማሪው ራሱ እንዲያመጣ ይጠበቃል። የልብሱ ነገር ግን እንደ ግቢው ይለያያል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ስስ የጥጥ ልብስ፣ ነጠላ ጫማና ቀጭን አንሶላ ይበቃል፤ ወንዶች ማታ ማታ ሽርጥ ማገልደሙን ቶሎ ይለምዱታል። ሐሮማያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ይበርዳል፤ ወፍራም ብርድ ልብስና ጃኬት የግድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የደንገጎን ዳገት የሚወጣ አጭር ጉዞ ቢሆንም አየሩ ፍጹም ሌላ ነው።

ለሁሉም ግቢ የሚያስፈልጉ፣ ብዙዎች ግን የሚረሷቸው ነገሮች አሉ፦ ለቁም ሳጥን የሚሆን ጠንካራ ጓጉንቸር ከሁለት ቁልፍ ጋር፣ ውኃ ለማጠራቀም ክዳን ያለው ጀሪካን፣ አጎበር፣ የእጅ ባትሪ። ላፕቶፕ ካላችሁ ይጠቅማችኋል፤ ከሌላችሁ ግን ቤተሰብን ለአንደኛ ዓመት ብሎ ዕዳ ውስጥ መክተት አስፈላጊ ነው ብዬ አላምንም፤ የቤተ መጻሕፍቱና የኮምፒውተር ክፍሉ አገልግሎት ያደርሳችኋል።

ከአዲስ አበባ እንዴት ልጓዝ?

በአውቶቡስ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሐረር የሚደረገው ጉዞ ከ500 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ሌሊት ለመነሳት ተዘጋጁ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም ድሬዳዋ ይቆማል፤ የጉዞ ቀናቱ ስለሚለዋወጡ አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ጣቢያውም ከዘራ ከተባለው የድሬዳዋ ሰፈር አጠገብ ያለው አሮጌው ለገሃር ሳይሆን ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራው አዲሱ መሆኑን እወቁ።

ጉዟችሁ ከታኅሣሥ 19 ወይም ከሐምሌ 19 ጋር ከተገጣጠመ የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ መኪናውንም አልቤርጎውንም ስለሚሞላው ቦታ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ዶርም ውስጥ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር እንዴት ልኑር?

ከሌላ አገር የመጣ፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገር፣ የእምነት ሰዓቱ ከእናንተ የሚለይ ልጅ አጠገባችሁ ይተኛል። ችግር የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ልዩነቶች ሳይሆን ከጥቃቅን ነገሮች ነው፦ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት፣ የስልክ ድምፅ፣ ሳይጠየቅ የተወሰደ ሳሙና፣ ያልተመለሰ ብድር። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ማንም ሳይቀየም፣ ሁላችሁም ቁጭ ብላችሁ መብራት ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ፣ ክፍሉን ማን በየትኛው ቀን እንደሚጠርግ፣ ውኃ ማን እንደሚቀዳ ተነጋገሩ። በኋላ ላይ ይህን ማንሳት ወቀሳ ይመስላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ተራ ጨዋታ ነው።

ገንዘብ አታበዳድሩ ማለት በእኛ ባህል ይከብዳል። ስለዚህ ባይመለስ የማይጎዳችሁን ያህል ብቻ ስጡ። ስልካችሁንና የባንክ ሚስጥር ቁጥራችሁን ግን ለቅርብ ጓደኛም ቢሆን አታጋሩ። የማይፈታ ጠብ ከተነሳ ነገሩ ወደ ድብድብ ሳይሄድ ለፕሮክተሩ (ለዶርም ተቆጣጣሪው) ንገሩ፤ ዶርም መቀየርም በሥርዓቱ ከተጠየቀ የሚቻል ነገር ነው።

ካፌ ልግባ ወይስ ነን ካፌ ልሁን? ኮስት ሼሪንግ ማለትስ ምንድን ነው?

ኮስት ሼሪንግ በ1990ዎቹ አጋማሽ በወጣ ደንብ የተጀመረ የወጪ መጋራት ውል ነው። ተማሪው የትምህርቱን ወጪ ከፊል፣ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ደግሞ ሙሉውን ከተመረቀ በኋላ ከሚያገኘው ገቢ ላይ በየወሩ እየከፈለ ለመመለስ ይፈርማል። ስለዚህ በካፌ የምትበሉት ምግብ ነፃ አይደለም፤ በስማችሁ የሚመዘገብ ዕዳ ነው። ቅጹን ስትፈርሙ ያልተጠቀማችሁበት አገልግሎት አለመመዝገቡን አይታችሁ ፈርሙ፤ ኮፒውንም አስቀምጡ።

ነን ካፌ የሚሆን ተማሪ የምግቡን ገንዘብ በየወሩ ተቀብሎ በራሱ ይመገባል። የእኔ ምክር በመጀመሪያው ሴሚስተር ካፌ እንድትገቡ ነው። የወሩ ገንዘብ አንዳንድ ጊዜ ይዘገያል፤ የውጭ ምግብ ዋጋም ከምትቀበሉት ገንዘብ ጋር አይመጣጠንም፤ ገና ገንዘብ መያዝ ያልለመደ ተማሪ ደግሞ በወሩ አጋማሽ ኪሱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። የጤና ወይም የጾም ሁኔታችሁ ካስገደዳችሁ ግን ያለ ማመንታት ነን ካፌ ሁኑ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ጓደኞች ጋር ሆኖ ከአንድ ምግብ ቤት ጋር በወር መዋዋል ወጪውን ይቀንሳል።

የድሬዳዋ ሙቀትና ትንኝ ያሳስበኛል፤ ምን ላድርግ?

ሙቀቱን ሰውነት በሁለትና በሦስት ሳምንት ይለምደዋል። ውኃ ሳይጠማችሁም ጠጡ፤ ከሰዓት በኋላ በፀሐይ አትንገላቱ፤ ጥናታችሁን ወደ ማለዳና ወደ ምሽት አዙሩት። ድሬዎች ራሳቸው ከተማዋን የሚኖሩባት በዚህ ሥርዓት ነው፤ ቀትር ላይ ጭር ያለው ከዘራ ፀሐይ ስትበርድ እንደገና ይደምቃል።

የትንኙ ነገር ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ወባ ብዙ በማይጠበቅባቸው ደረቅ ወራት ድሬዳዋ ውስጥ ወረርሽኝ ሆኖ ተነሳ፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችም ከተጠቁት መካከል ነበሩ። ምክንያቱ ከእስያ የመጣ፣ በከተማ ውስጥ የሚራባ የወባ ትንኝ ዝርያ ነው። ይህ ትንኝ ረግረግ አይፈልግም፤ በበርሜል፣ በታንከርና በባልዲ የተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ ይበቃዋል። ደንጊና ቺኩንጉንያ የተባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የሚያስተላልፈው ሌላው ትንኝም በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ነው የሚራባው፤ የሚናከሰውም ቀን ቀን ነው። ስለዚህ የዶርማችሁን ባልዲና ጀሪካን ሁልጊዜ ክደኑ፤ የቆየውን ውኃ ድፉ፤ በአጎበር ተኙ።

ትኩሳት ከጀመራችሁ በዚያው ቀን ወደ ግቢው ክሊኒክ ሂዱና ደም አስመርምሩ። ከመድኃኒት ቤት ራሳችሁ ገዝታችሁ መዋጥ ያዘገያችኋል፤ ደንጊ ከሆነ ደግሞ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የመድማት አደጋ ስለሚያስከትሉ ሕመሙ ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰዱ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው ያቋርጠዋል፤ ይገበያይበታልም። ጎርፉ የሚመጣው ግን ከደጋው ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድም ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በዝናብ ወራት በድልድዩ እንጂ በአሸዋው አትሻገሩ።

ኦሮምኛ፣ ሶማልኛም ሆነ ሐረሪ አልችልም፤ ይከብደኛል?

አይከብዳችሁም። ድሬዳዋ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ በሐረሪ ክልል የሥራ ቋንቋዎቹ ሐረሪና ኦሮምኛ ቢሆኑም ሐረር ከተማ ውስጥ በአማርኛ መግባባት ይቻላል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ሐሮማያ ለምትማሩ ግን ገበያም ታክሲም የሚቀለው በኦሮምኛ ስለሆነ ሰላምታውን፣ ቁጥሩንና «ስንት ነው» ማለትን ከዶርም ጓደኛ ተማሩ፤ ነጋዴው ተሰባብሮ የተነገረውን ኦሮምኛችሁን በፈገግታ ነው የሚቀበለው።

ከሰሜን ወይም ከመሐል አገር የሚመጣን ተማሪ መጀመሪያ ላይ የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። በድሬና በሐረር አንቱታ ብዙም አይዘወተርም፤ ታናሽ ታላቁን «አንተ» ሊል ይችላል፤ ይህም የቅርበት እንጂ የንቀት ንግግር አይደለም። እናንተ ግን ያደጋችሁበትን አክብሮት መተው አይጠበቅባችሁም።

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከሁለተኛ ደረጃ በምን ይለያል? ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ደግሞ እንዴት ይሰላል?

ትልቁ ልዩነት የሚቆጣጠራችሁ ሰው አለመኖሩ ነው። መምህሩ ስም ጠርቶ «የት ነበርክ» አይልም፤ መቅረታችሁ ግን ይመዘገባል፤ ከተፈቀደው በላይ ከቀራችሁ ፈተና እንዳትቀመጡ ሊያደርግ ይችላል። ብዙ ጊዜ ከመቶው ግማሽ ያህሉ የሚያዘው በኩዊዝ፣ በአሳይንመንትና በሚድ (በሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ስለሆነ «ፋይናል ላይ አካክሰዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ጎበዝ ልጆችን ጥሏል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። እያንዳንዱ ኮርስ ክሬዲት (የክብደት መለኪያ) አለው፤ እያንዳንዱ ፊደልም ነጥብ አለው፦ ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ 0። አንዲት ተማሪ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ኤ፣ ሌላ ባለ 3 ላይ ቢ፣ ሦስተኛው ባለ 3 ላይ ሲ፣ ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ ደግሞ ዲ አመጣች እንበል። የየፊደሉ ነጥብ በክሬዲቱ ተባዝቶ የሚገኙት 12፣ 9፣ 6 እና 4 ሲደመሩ 31 ይሆናል፤ ይህ ለ13 ክሬዲት ሲካፈል 2.38 ይመጣል። ያንን ባለ 4 ክሬዲት ዲ ወደ ሲ ብታሳድገው ውጤቷ 2.69 ይሆን ነበር። ከዚህ እንደምታዩት ክሬዲቱ የበዛ ኮርስ ሲወድቅም ሲነሳም ጉልበቱ ትልቅ ነው፤ የጥናት ሰዓታችሁን ስትከፋፍሉ ክሬዲቱን እያያችሁ ይሁን።

ለመመረቅ አጠቃላይ ውጤት ቢያንስ 2.00 ያስፈልጋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። ከ2.00 በታች የወረደ ተማሪ እንደ ውጤቱ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ይደርሰዋል ወይም ይሰናበታል፤ ድንበሩን ከግቢያችሁ የሕግ መጽሐፍ ላይ ራሳችሁ አንብቡ፤ ሲኒየር (ነባር ተማሪ) በነገራችሁ ብቻ አትተማመኑ። የከበዳችሁን ኮርስ ደግሞ ከሚድ በፊት ይዛችሁ ወደ መምህሩ ቢሮ ሂዱ። ሁለት ጥያቄ ጽፎ የሚመጣን ተማሪ የሚመልስ መምህር ጥቂት ነው፤ ከፋይናል በኋላ «ውጤቴን ያስተካክሉልኝ» ብሎ የሚመጣውን ግን ሊረዳው የሚችል የለም።

የምፈልገው ዲፓርትመንት ባይደርሰኝስ?

የዲፓርትመንት ምደባ የሚሠራው በዋናነት በአንደኛ ዓመት ውጤታችሁና በመግቢያ ፈተናችሁ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ እንደ ሥነ ልቦና ወይም ጂኦግራፊ ያሉትን የጋራ ኮርሶች «ከሙያዬ ጋር አይገናኙም» ብሎ መናቅ ምደባውን ያበላሻል። ምርጫ ስትሞሉ ሦስተኛውንና አራተኛውንም እንደ መጀመሪያው አስባችሁ ሙሉ። ያልፈለጋችሁት ከደረሳችሁ የማመልከቻ ጊዜው አጭር ነውና በዚያው ሳምንት ዝውውር በጽሑፍ ጠይቁ።

ጫት ሳይቅሙ ማጥናት አይቻልም ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት አይደለም፤ ይህን ግን ከልብ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ጫት ሊርቁት በማይቻልበት አገር ነውና የምትማሩት። ከሐሮማያ ወደ ሐረር ስትሄዱ የምታልፉባት አወዳይ ከአገሪቱ ታላላቅ የጫት ገበያዎች አንዷ ናት። ለአካባቢው ገበሬ ጫት የልጆቹ ቀለብ ነው፤ ለሽማግሌው የዱዓና የእርቅ ማጀቢያ ነው። ይህን ማክበር ይገባል። ተማሪ «ለማንበብ» ብሎ የሚጀምረው መቃም ግን ከዚህ ባህል ጋር ዝምድና የለውም።

ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍን ያባርራል፤ ሁሉም ነገር የገባን ያስመስላል። በምርቃና (በጫቱ ሞቅታ) ላይ የተነበበው ገጽ ብዙ ነው፤ ጠዋት የሚታወሰው ግን ጥቂት ነው፤ አእምሮ ያነበበውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ነውና። ምግብ ይዘጋል፤ ምርቃናው ሲወርድ ድብርት ይመጣል፤ እሱን ለመስበር ጨብሲ የሚባለው የአልኮል መጠጥ ይከተላል፤ ሲጋራም ብዙውን ጊዜ አብሮ ይገባል። በጥቅምት «በፈተና ሳምንት ብቻ» ተብሎ የተጀመረው በጥር የየቀኑ ወጪ ይሆናል፤ ቤተሰብ ለደብተርና ለትራንስፖርት የላከው ገንዘብም እዚያው ያልቃል።

«አልቅምም» ማለት ይቻላል፤ ድሬም ሐረርም አልቅምም ባለ ሰው የሚቀየም የለም፤ ሻይ ይዛችሁ ከጨዋታው መካፈል ትችላላችሁ። ከጀመራችሁና ማቆም ካቃታችሁ በግቢው የተማሪዎች የምክር አገልግሎት አለ፤ ስሜ ለዲሲፕሊን ይተላለፍብኛል ብላችሁ አትፍሩ፤ አማካሪ የነገሩትን ሚስጥር ይጠብቃል።

ሴት ተማሪ ነኝ፤ በተለይ ልጠነቀቅ የሚገባኝ ነገር አለ?

ሻንጣ ለተሸከመላችሁ ወይም ሃንድአውት ለሰጣችሁ ሲኒየር ምንም ዕዳ የለባችሁም። መልካም ያደረገላችሁ ሰው በምትኩ ነገር ሲጠይቅ «አይሆንም» ማለት ነውር አይደለም። ከቤተ መጻሕፍት ማታ ስትመለሱ በቡድን ሁኑ፤ ከግቢ ውጭ ስታመሹ የት እንዳላችሁ የምታውቅ አንዲት ጓደኛ ትኑራችሁ። መምህርም ሆነ ሠራተኛ ውጤትን መደራደሪያ ካደረገ መልእክቶቹን ሳታጠፉ ይዛችሁ ለሥርዓተ ፆታ ቢሮው በጽሑፍ አመልክቱ።

ጥቃት ከደረሰ፣ አይድረስና፣ ከሁሉ በፊት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒትም ሆነ ያልታሰበ እርግዝናን የሚከላከለው እንክብል የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ቶሎ ሲወሰድ ደግሞ የበለጠ ይሠራል። ሳትታጠቡና ልብሳችሁን ሳትጥሉ ብትሄዱ ለማስረጃ ይረዳል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ከዶርም ጓደኛ አንዷን ይዛችሁ ሂዱ።

ግቢ ውስጥ ረብሻ ቢነሳ ምን ላድርግ?

ወላጆች ከሁሉ በላይ የሚጨነቁበት ጥያቄ ይህ ነው። ረብሻ ብዙውን ጊዜ የሚቀጣጠለው የአንድን ሰው ጠብ የብሔር ወይም የሃይማኖት ጠብ አድርጎ በሚያሰራጭ የቴሌግራም መልእክት ነው። ያላያችሁትን አታስተላልፉ፤ ሰው ወደተሰበሰበበት «ለማየት» አትሂዱ፤ ዶርማችሁ ውስጥ ሁኑ፤ ለቤተሰብ አጭር መልእክት ላኩ። ግቢ ጉባኤውም፣ ጀመዓውም፣ ፌሎሺፑም ተማሪን ከብቸኝነት የሚያወጡ መልካም ቦታዎች ናቸው፤ ጓደኞቻችሁ በሙሉ ከአንድ ወገን ብቻ ከሆኑ ግን ክፉ ቀን ሲመጣ እውነቱን የሚነግራችሁ ሌላ ሰው አይኖራችሁም። ከዶርማችሁ ልጆች ጋር መግባባታችሁ በእንዲህ ያለው ቀን ዋጋው ይታያል።

ታምሜ ወይም በቤተሰብ ችግር ትምህርቴን ማቋረጥ ካለብኝስ?

ማቋረጥ መብት ነው፤ ዝም ብሎ ሻንጣ ይዞ መሄድ ግን መብቱን ያሳጣል። በሥርዓቱ ዊዝድሮው (የማቋረጫ ቅጽ) የሞላ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ጠይቆ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ሳይሞላ የጠፋ ተማሪ ግን የተመዘገበባቸው ኮርሶች ሁሉ ኤፍ ሆነው ሊመዘገቡበት፣ የመመለስ ዕድሉም ሊዘጋበት ይችላል። በአባቱ ሞት ምክንያት ሌሊት ተነስቶ የሄደ ልጅ ቅጽ የሚሞላበት ጊዜም ልብም የለውም፤ ይህ ይገባል። እንዲህ ሲሆን የክፍል ተወካዩ ወይም የዶርም ጓደኛው በማግስቱ ለዲፓርትመንቱ ያሳውቅለት፤ እሱም ከለቅሶው በኋላ ማስረጃውን ይዞ ይምጣ። ሕመም ከሆነ የሐኪም ማስረጃው ቀኑ የተጻፈበትና ማህተም ያለበት መሆን አለበት።

ቅጹ ከተማሪው ወደ ዲፓርትመንት ኃላፊው፣ ከዚያም ወደ ሬጅስትራር ይሄዳል፤ ክሊራንሱ (ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳየው ቅጽ) ደግሞ ከቤተ መጻሕፍቱ፣ ከካፌውና ከፕሮክተሩ ፊርማ ይፈልጋል። መታወቂያችሁንም ትመልሳላችሁ። ከግቢው ከመውጣታችሁ በፊት ሬጅስትራሩ የፈረመበትን ኮፒ መቀበላችሁን አረጋግጡ፤ ለመመለስ ስታመለክቱ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህንኑ ወረቀት ነው።